«ቀይሩኝ!» ያለው ጎሚኒ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሰማም ለጎረቤቱ ያውራ።

ድሮ ድሮ፣ ብረትና ላስቲክ አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንዲት አሮጌ ታክሲ ሆድ ሥር አንድ ጎሚኒ ይኖር ነበር። ጎሚኒ ማለት ከጎማው ጀርባ በሁለት ብረቶች መሀል የሚቀመጥ ትንሽ ላስቲክ ነው። ብረት ከብረት እንዳይላተም የሁለቱንም ዱላ እሱ ይቀበላል። ሽማግሌ ነው፣ አስታራቂ። ምስጋና ግን አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅ!

ዕድሜ ተጫነውና ሰለለ፣ ተሰነጣጠቀ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ሲጥ! ሲጥ! አልቄያለሁ፣ ቀይሩኝ!» ማለት ጀመረ።

እንቁላል ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘነቡ ከኋላ ወንበር ሆነው ሰሙት። «ደምለው ልጄ፣ መኪናህ ታለቅሳለች እኮ! ብታሳያት ምናለ?»

«እርጅና ነው እማማ፣ አይዞዎት!» አለ ሾፌሩ ደምለው፤ ሬዲዮኑንም ከፍ አደረገው።

የጎሚኒ ደሙ ፈላ። ሰው ሁሉ «ከወንበሬ አትንቀሉኝ» እያለ ሲለምን፣ እሱ «ንቀሉኝ» ብሎ ለምኖ ሰሚ ያጣል? በማግስቱ ከሬዲዮኑ በላይ ጮኸ። «ሲጥ! ሲጥ! ቀይሩኝ አልኩ!»

ደምለው ተናዶ ወረደ። የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ አናቱ ላይ አንቆረቆረበት። ድምፁ ጠፋ። «አዳንኳት!» እያለም ለጓደኞቹ ጉራውን ነዛ። ምኑን አዳናት! ዘይት ላስቲክን ያበሰብሳል እንጂ መቼ ያድናል! ጎሚኒ ውስጥ ውስጡን እንደ ራሰ ዳቦ ፈረሰ።

ሁለቱ ብረቶች ደስ አላቸው። «እፎይ! ያ ነዝናዛ ዝም አለልን» ተባባሉ።

«እናንተ ደንቆሮዎች! እኔ ዝም ስል የምትላተሙት እናንተው ናችሁ!» አላቸው ጎሚኒ በደከመ ድምፁ። ሳቁበት።

ጥቂት ቆይቶ ጎማው በአንድ ጎኑ ተበላና «ኧረ እግሬ ተጣመመ!» አለ። ደምለው ጎማውን ሰድቦ፣ ረግሞ በሌላ ቀየረው። ጎሚኒውን ግን ዞር ብሎም አላየው።

አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ብረት ከብረት ገጭ! ገጭ! ተላተመ። መሪው ወደ ቀኝ ሲሉት ወደ ግራ ሄደ፤ ታክሲዋ ቦይ ውስጥ ገባች። እንቁላሉ ሁሉ ተሰበረ፤ ከኋላ ወንበር የነበሩት የወይዘሮ ዘነቡ ክንድም ተሰበረ፣ እሱ ከእንቁላሉም ባሰ።

ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒው በመዶሻ ተመትቶ ወጣ፣ በቦታውም አዲስ ገባ። ደምለው አሮጌውን አንስቶ «ይቺ እፍኝ የማትሞላ ላስቲክ ጉድ ሠራችኝ!» አለ።

«እኔ?» አለ ጎሚኒ። «ስለምንህ ዘፈን ከፈትክብኝ። ስጮህ ዘይት አጠጣኸኝ። አሁን የወይዘሮ ዘነቡን ክንድ በምን ልትቀይረው ነው?»



እናንተ ግን ከተረቴ ይህችን ያዙ፦ የሚያመውን ሰው አፉን ቢይዙት፣ ልቅሶው ከጎረቤት ይነሣል።