አልጠራ ያለው ሰባተኛ ክር

ይህን እስካለፈው ዓመት ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ፣ በመኝታ ክፍሌ ቁም ሣጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ነበረኝ። ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራ፣ ባለ ሰባት ክር። ከአንድ የሆቴል ባንድ ተጫዋች ከገዛሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሰው ሲያየኝ እጄ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ በሬን ዘግቼ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ እጫወታለሁ። እናቴ ስትጠራኝ «ፈተና እያረምኩ ነው» እላለሁ።

የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ ወፍራሙ ሰባተኛ ክር ድምፁ እንዲጠራልኝ። ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ፣ ንዝረቱን ለማጉያው የሚያቀብለው ማግኔት፣ አርጅቷል። ፒክአፑ አልሰማ አለ፤ ክሩ አልጠራ አለ።

የሙዚቃ ዕቃ ወደምትሸጠው ወደ ዘምዘም ሄድኩ። ለሰባት ክር የሚሆን ሁለት ዓይነት ነበራት፤ አንዱ ወፍራም ድምፅ፣ ሌላው ጥርት ያለ።

«የቱ ይሻለኛል?»

«እኔ ሻጭ ነኝ ቲቸር። ስንቱ አስበይዶ ሲያበቃ መልሰሽ ውሰጂ ብሎኛል መሰለሽ። ጋሽ ይመር ይምረጡና በወረቀት ጽፈው ይስጡሽ።»

ዘምዘም አልሸጥ አለች፤ ፒክአፑ አልሰማ አለ፤ ክሩ አልጠራ አለ። ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ያስተማርኩበትን እግር እየጎተትኩ፣ ጊታሩን ይዤ ወደ እሳቸው የሚወስደውን ዳገት ወጣሁ።

ጋሽ ይመር ሬዲዮና ማጉያ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ጊታሩን አገላበጡት።

«የማን ነው?»

«የወንድሜ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

«እንግዲያው ወንድምሽ መጥቶ ይጫወተው። እኔ እንጨት ዓይቼ አልመርጥም። ጠንካራ እጅና ለስላሳ እጅ አንድ ፒክአፕ አይስማማቸውም፤ እጁን ካልሰማሁ አልጽፍም።»

ጋሽ ይመር አልጽፍ አሉ፤ ዘምዘም አልሸጥ አለች፤ ፒክአፑ አልሰማ አለ፤ ክሩ አልጠራ አለ።

ወንድሜ አንዳርጌ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ለእግሩ ነገርኩት። «የሰው ጊታር ነው፤ ያንተ ነው በልልኝና ትንሽ ነካ ነካ አድርገው።»

«እኔ ከሙዚቃ የማውቀው ጥሩምባ ነው፤ እሱንም የመኪና» አለ ከሥር። «ደግሞ ከእማዬ ተደብቄ አልዋሽልሽም። እሷ ካዘዘችኝ እሄዳለሁ።»

እንደማልጠይቃት ያውቃል። አንዳርጌ አልሄድ አለ፤ ጋሽ ይመር አልጽፍ አሉ፤ ዘምዘም አልሸጥ አለች፤ ፒክአፑ አልሰማ አለ፤ ክሩ አልጠራ አለ።

ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ሬዲዮ ታዳምጣለች።

«እማዬ፣ አንዳርጌን አንድ ቦታ ላኪልኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለጊታር።»

«ለማን ጊታር?»

«የሰው ነው» አልኩ።

«ያልሰማሁትን ነገር አላዝም» አለች። «ይልቅ አሥራ አንድ ዓመት የምታርሚውን ፈተና አሳዪኝ። እግርሽ ወለሉን ሲመታ ስሰማ ነው የኖርኩት። ፈተና በእግር አይታረምም።»

እናቴ አላዝ አለች፤ አንዳርጌ አልሄድ አለ፤ ጋሽ ይመር አልጽፍ አሉ፤ ዘምዘም አልሸጥ አለች፤ ፒክአፑ አልሰማ አለ፤ ክሩ አልጠራ አለ። ከእናቴ ቀጥሎ ማንን ልጠይቅ ብዬ ሳስብ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም በሰው ፊት አልጫወት ብዬ ኖሬያለሁ። ደከመኝ። ከዳገቱም ከማስተማሩም ይልቅ መደበቁ ደከመኝ። ጊታሩን አወጣሁ፤ የጆሮ ማዳመጫውን ከማጉያው ነቀልኩ፤ ተጫወትኩ።

እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «ያ ወፍራሙ ያጉረመርማል» አለች።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አልኩ።

እኔ ተጫወትኩ፤ እናቴ አዘዘች፤ አንዳርጌ ጊታሩን ተሸክሞ፣ እኔን አስቀድሞ ሄደ። «ባለቤቷ እሷ ናት ጋሽ ይመር፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ» አላቸው። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፍነው እጄን ሰሙ።

«እንጨቱ ራሱ ወፍራም ነው። እጅሽ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ክሩን ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚነካው። ወፍራሙን ብጨምርበት ገንፎ ይሆናል። የወንድምሽን እጅ ሰምቼ ቢሆን አበላሽቼልሽ ነበር።»

ጋሽ ይመር «ጥርት ያለው» ብለው ጻፉ፤ ዘምዘም ወረቀቱን ዓይታ ሸጠች፤ ጋሽ ይመር በየዱት፤ አዲሱ ፒክአፕ ሰማ፤ ክሩ ጠራ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ የክፍሌን በር ከፈትኩ፤ እንደተከፈተም ተውኩትና ሰባተኛውን ክር መታሁ። ሳሎን ውስጥ እናቴ ሬዲዮኗን ቀነሰች። እኔም የእግሬን ምት ሳልደብቅ ቀጠልኩ።