በክዳን የተሸፈነ ምሳ

አንዲት ሴት ነበረች። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ባሏ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የሚኖሩትም አዲስ አበባ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ስሟን አልነግራችሁም። ታሪኩን ግን "ንገርልኝ፣ ሌላው ይማርበት" ያለችው እሷው ናት።

ይህች ሴት ሰባት ዓመት በአንድ ጃፓናዊ የመንገድ መሐንዲስ ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ሠርታለች። የመሐንዲሱ ሚስት፣ ወይዘሮ ሃሩኮ፣ የአገሯን የቤት ምግብ አንድ በአንድ አስተማረቻት። ሰዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሴትየዋ ሥራ ፈታች። ኑሮውም በላይ በላዩ ተወደደ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ጤፍና ስለ ዘይት ለእናንተ ምን እነግራችኋለሁ?

አንድ ቀን ጓዳ ገብታ ብታይ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ጥቂት የስንዴ ዱቄትና ሁለት እንቁላል ብቻ ናቸው ያሉት። ያን ጊዜ የወይዘሮ ሃሩኮ ቤት ትዝ አላት። ጎመኑን አቅጥና ከተፈችው። በዱቄትና በእንቁላል ለወሰችው። መጥበሻውን ዘይት አስነክታ እንደ ወፍራም ቂጣ ግራና ቀኙን ጠበሰችው። ጃፓኖቹ ኦኮኖሚያኪ ይሉታል፤ ልጆቿ ግን ወዲያው "የጎመን ቂጣ" አሉት። ባሏ ታረቀኝ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ "አንድ ድገሚኝ" አለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በዚሁ ተያዘ። የትናንት ሩዝ ዛሬ ከካሮትና ከእንቁላል ጋር ሶያ ሶስ ጠብ ተደርጎበት ይጠበሳል። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ምሳ ደግሞ ሩዙ ጨው በነካ እጅ ይድቦለቦላል። ቀላል ነው፤ ርካሽ ነው፤ ያጠግባል። በዚያ ቤት ተርቦ ያደረ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ።

እማማ ጌጤነሽ የሚባሉ የድሮ ጎረቤት ነበሯት። ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት ግቢያቸው አንድ ነበር። ሴትየዋ እነዚያን ሰባት ዓመታት ሥራ ስትውል ልጆቿን ያበላ የነበረው ማን ነው? እማማ ጌጤነሽ። አጥቦ ያስተኛስ? እማማ ጌጤነሽ። አንድም ቀን "ደከመኝ" አላሉም። ሰፈሩ ሲነሳ ግን እሷ ወደ አንዱ ዳር ሄደች፣ እሳቸው ዘመድ አልባ ሆነው ሌላው ዳር አንዲት ክፍል ተከራዩ።

አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ነው። የጎመኑ ቂጣ መጥበሻው ላይ ይንጫጫል፤ ያለቀው ሳህን ላይ ተደርድሯል። በሩ ተንኳኳ። ትልቋ ልጅ በመስኮት አይታ፣ "እማማ ጌጤነሽ ናቸው" አለች።

እናትየው ምን አደረገች? እሳቱን አጠፋች። ሳህኑን በክዳን ከደነች፣ የልጆቹንም ሰብስባ ጓዳ አስገባች። "በልተናል በሉ" አለቻቸው። ለምን? ክፉ ስለሆነች ነው? አይደለም። "ልጆቼን ላሳደጉ ሴት ጎመን በዱቄት ላቅርብ? ምን ይሉኛል?" ብላ ነው። አክብራቸው ነው፣ ወገኖቼ። አክብራ ደበቀችባቸው።

በሩን ከፍታ አገላብጣ ሳመቻቸው። "ምነው ሳይነግሩኝ መጡ፣ እማማ? ዛሬ ምንም አልሠራሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሩ ወጥ ሠርቼ እጠራዎታለሁ።"

"ኧረ ልያችሁ ብዬ ነው እንጂ ልበላ አልመጣሁም፣ ልጄ" አሉ። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ የቀረውን በእግራቸው ነበር የመጡት።

ሻይ ቀረበላቸው። ትንሹ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ሳብ አድርጎ፣ "እማዬ፣ ቂጣዬ እየቀዘቀዘ ነው" አለ። ታረቀኝ መሬት መሬት አየ። እማማ ጌጤነሽ ያልሰሙ መስለው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሻዩን ሳይጨርሱ፣ "ሳይመሽብኝ ልሂድ" ብለው ተነሱ። ገና ስምንት ሰዓት አልሞላም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። ለጥሩ ወጥ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፤ አልጠራቻቸውም። ሌላውም ቅዳሜ እንዲሁ። "ትንሽ ደህና ሲሆንልኝ" እያለች አራት ወር ሄደ። በመጨረሻ እንደምንም ሥጋ ገዝታ፣ ወጡን በምሳ ዕቃ ይዛ እሳቸው ቤት ሄደች። በሩ ተቆልፏል።

"የወንድማቸው ልጅ ደሴ ወሰዳቸው" አለቻት የጎን ተከራይዋ። "እግራቸው እምቢ አላቸው። አንቺ ነሽ እንዴ ቅዳሜ የምትጠሪያቸው? እስኪሄዱ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ለብሰው በር ላይ ይቀመጡ ነበር።"

ሴትየዋ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የወንድማቸውን ልጅ ስልክ ቁጥር ለምና ተቀበለች፤ ደወለች።

"ሽታው እኮ ደርሶኝ ነበር" አሏት እማማ ጌጤነሽ፣ ሳይቆጡ። "ለእናንተ የማይበቃ መስሎኝ፣ ከልጆቹ አፍ እንዳልሻማ ብዬ ነው ቶሎ የወጣሁት። ለመሆኑ ምን ነበር?"

"ጎመን ነው፣ እማማ። ጎመን በዱቄትና በእንቁላል። ተርፎም ነበር።"

 እማማም ቀስ ብለው፣ "ለጎመን ነው የደበቅሽኝ፣ ልጄ?" አሏት።

 እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

እስከ ዛሬ በአካል አልተገናኙም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ የእሳቸውም ጆሮ እየደከመ ስለሄደ በስልክ ግማሹን አይሰሙም። "ይቅር ይበሉኝ" ስትላቸው "ደህና ነኝ" ይሏታል።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ያጣችው ምግብ አልነበረም። የኑሮ ውድነቱ ጓዳዋን አላሸነፈውም፤ በጥበቧ ረታችው። የተሸነፈችው በር ላይ ነው። እኛስ? ስንቶቻችን ነን "ቤቴን ላስተካክልና"፣ "ደመወዝ ይጨመርና" እያልን ሰው በር ላይ የምናስቀምጠው? ስንቱን ባለውለታችንን፣ ስንቱን ብቸኛ፣ ለእሱ የሚገባውን እስክናገኝ ብለን ያለንን ነፈግነው? ሰው የሚመጣው ሁልጊዜ ለወጡ ይመስላችኋል? አብሮ ለመቀመጥ ነው። ብቻውን መብላት ሰልችቶት ነው።

እግዚአብሔር የሌላችሁን አይጠይቃችሁም። ያላችሁን ግን ይጠይቃችኋል።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው ወደ ልባችሁ ይመጣል፤ ምናልባት አሁኑኑ መጥቷል። "አንድ ቀን" ያላችሁት ሰው ነው። ቤት ያለው ሩዝ ነው? ድንች ነው? እሱኑ አቅርቡ። ይህ ሰው አሁንም በዚህ ከተማ አለ፣ ስልኩም ይሠራል፣ ድምፃችሁንም ይሰማል። ዛሬ ጥሩት።