«ነይ» የተባለው መሻገሪያ

ከተከዜ ገባሮች በአንዱ ላይ የዋግ ሰዎች «ነይ» የሚሉት መሻገሪያ አለ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ትግርኛ ተናጋሪዎች «ንዒ» ይሉታል፤ ካህናቱ በግእዝ ሲያነሱት ደግሞ «ነዒ» ነው። ሦስቱም አንዲትን ሴት ወደዚህ ቅረቢ ብሎ መጥራት ነው። ጠሪው፣ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ይርዳው የሚባል ገበሬ ነበር።

ይርዳው ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ዘርትሁንን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። ካሕሳይ የተባለ የማዶ ጎልማሳ ሽማግሌ ቢልክ፣ ቤቱ ባዶ እንዳይቀር ፈርቶ እንቢ አለ፤ እሷ ግን ወዳው ነበርና ተከትላው ተሻገረች። ይርዳውም ከእንግዲህ ነይ የሚል ቃል ከአፉ ላይወጣ በታቦት ማለ። ከዚያ ወዲህ ዘርትሁን ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ከማዶው ዳር ትቆም ነበር ይባላል፤ እሱም ከደጁ ሆኖ ያያታል፣ ልቡ እየሄደ እግሩ ይቀራል፣ እሷም ሳትጠራ ትመለሳለች።

በአንድ ክረምት ልጅ አዝላ ከካሕሳይ ጋር መጣች። የሕፃኑን ልቅሶ ሲሰማ መሐላው ጠፋበት፤ እየሮጠ ወርዶ፣ «ነይ ልጄ፣ ነይ» አለ። ዓይኑ እሷን እንጂ ውሃውን አላየም። ካሕሳይ ወንዙ እስኪጎድል ቆዪ ብሎ እጇን ይዞ ለመናት፤ ያን ቃል ስንት ዘመን የጠበቀች ሴት እንዴት ትቆይ፣ ሕፃኑን አስታቀፈችውና ገባች። ከመካከል ስትደርስ ደራሽ ውሃ ወሰዳት። ሬሳዋም አልተገኘም ይባላል።

ውሃው ሲጎድል ካሕሳይ ሕፃኑን ይዞ ተሻገረ። ይርዳው ከዳሩ ሳይለይ ከርሞ ነበርና፣ የገደልኳት እኔ ነኝ እያለ መሬት መሬቱን አየ፤ ቀና ማለት አቃተው። ካሕሳይም አጠገቡ ተቀምጦ፣ «አንቱስ ጠሯት፤ እጇን የለቀቅሁት እኔ ነኝ» አለው። ይርዳውም ሕፃኑን ተቀብሎ አቀፈው። ወዲህና ወዲያ ያለው አገርም ለለቅሶዋ ሲወርድ ያችን ቃል እያነሳ አለቀሰ፤ ስፍራው በየቋንቋው በዚያው ስም ቀረ።

ዛሬም በዚያ መሻገሪያ ዘመዱን ከማዶ ያየ ሰው አይጣራም። ራሱ ይሻገርና የሚወደውን በእጁ ይዞ ያመጣል። ወንዙ ከሞላም በየዳራቸው ዝም ብለው ተቀምጠው፣ እስኪጎድል ይተያያሉ።