የዱላው ሌላ ጫፍ

«አንድ ሰው ነበረ። ዓይኑ አያይም፤ ቃጫ እየገመደ ገመድ ይሸጥ ነበር።»

መምሬ ጽጌ እንዲህ ብለው የጀመሩት ውብዓለም ጥያቄዋን ገና እንደጨረሰች ነው። ውብዓለም ዳኛ ናት፤ መምሬ ደግሞ የንስሐ አባቷ ናቸው። ሰክሮ መኪና ሲነዳ ሰው የገደለ አንድ ሾፌር ፊቷ ቀርቧል። ወህኒ ልታወርደው ሥልጣን አላት፤ ከወህኒ ውጭ ሌላ ቅጣት ልትፈልግለትም ትችላለች። «ካላሰርኩት የሟች ደም አይጮህብኝም ወይ?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው። መምሬ ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት አይሆንላቸውም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ታሪካቸውን ቀጠሉ።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ ነበረችው። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ሳቂታ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የዱላውን አንድ ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ ሌላውን እሱ ይይዛል፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ገበያ ይወርዳሉ። መንገዱን እየነገረችው ነው የምትሄደው። እንቅፋቱን ብቻ አይደለም፤ ማን አዲስ ቀሚስ እንደለበሰች፣ የማን አጥር እንደዘመመ፣ የትኛው ሽማግሌ ጫማውን አቀያይሮ እንደተጫማ ሁሉ ትነግረዋለች። ሰውዬው ዓይን አጣሁ ብሎ አማርሮ አያውቅም ነበር።

በዚያው ከተማ አንድ ባለጋሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በኋላ እንዳትታለዪ ነው፤ ሰው የሚገድል ክፉ ሰው ብቻ ነው የሚል መጠጥን አያውቀውም። ባለጋሪው አንድ ቀን ክርስትና ተጠርቶ ጠጅ ሲቀዳለት ዋለ። ፈረስህ ደጅ ቆሟል፣ ይብቃህ ያለው ሰው የለም፤ እንዲያውም «ጎበዝ!» እያሉ ደጋገሙለት። ሲወጣ ጋሪው ላይ ተሰቅሎ ፈረሱን በአለንጋ ይሸነቁጠው ጀመር። ልጅቱ አባቷን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አስቀምጣ መንገድ ስታቋርጥ ደረሰባት። ያዩት ሰዎች ሲናገሩ፣ ፈረሱ እንኳ ሊቆም ሞክሮ ነበር አሉ።

አባትየው የሰማው ጩኸት ነው። «ምንድን ነው? ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዙሪያውን ሰው ሞልቶ የሚመልስለት ጠፋ። እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ የምትነግረው እሷ ነበረቻ።

ከቀብሩ በኋላ ባለጋሪው ተይዞ ዳኛ ፊት ቀረበ። ከተማው በሙሉ ወህኒ ይበስብስ አለ። ሽማግሌዎች እርቅ ብለው ቢመጡ ሰውዬው በሩን ዘጋባቸው። ዳኛው ግን ነገር የሚያበርድ ሰው ነበርና፣ ሰውዬውን አስጠርቶ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው።

«ወህኒ ቢወርድ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም» አለ ሰውዬው። «ግን እሱ እዚያ ተቀምጦ ሲበላ፣ እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ እቀራለሁ። ልጄ ትይዘው የነበረውን የዱላ ጫፍ እሱ ይያዝልኝ። የገደለውን በየቀኑ ይየው።»

ምሕረት እንዳይመስልሽ ልጄ። ቂም ነበር። ቂም ግን አንዳንድ ጊዜ ሳያውቀው ትክክለኛውን በር ያንኳኳል።

ዳኛው ነገሩን አውጥቶ አውርዶ ተቀበለ። ባለጋሪው ዕድሜ ልኩን ልጓም እንዳይዝ፣ መጠጥ እንዳይቀምስ፣ ጠዋት ጠዋት ከሰውዬው ደጅ እንዳይጠፋ ፈረደበት። ለሰውዬውም፣ አንድ ቀን ጠጥቶ ከመጣ ይንገሩኝ፤ ያን ቀን ወህኒ ይወርዳል አለው። ከተማው ፍርዱን ሰምቶ አጉረመረመ። የደም ዋጋ ዱላ መያዝ ሆነ እንዴ ያለው ብዙ ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት ባለጋሪው መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ሰውዬው ፊቱን ወደ ባለጋሪው ፊት አስጠግቶ «እፍ በል» አለው። ዓይን የሌለው ሰው አፍንጫው አይታማም። እፍ አለ። ሰውዬው አሽትቶ የዱላውን ጫፍ ዘረጋለት። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ፤ እፍ ሳይል ዱላ የለም።

ባለጋሪው መንገድ መምራት አያውቅበትም ነበር። ፈረስ የለመደ ሰው ዓይነ ስውር ሲመራ ይጎትታል። ሰውዬው ስንት ጊዜ ተደናቀፈ፣ ስንት ጊዜ ረገመው። ቀስ በቀስ ግን «ድንጋይ አለ»፣ «ቦይ ነው»፣ «ወደ ቀኝ» ማለት ለመደ። አንድ ቀን ደፈር ብሎ የጎረቤት አጥር ስለመዝመሙ ቢያነሣ፣ ሰውዬው እንዲህ ያለውን ነገር እንዳትነግረኝ ብሎ አፉን አስያዘው። ልጅቱ የሞተችበት መንገድ ጋ ሲደርሱ ዱላው ይንቀጠቀጣል፤ ሰውዬው በመዳፉ ይሰማዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለው ነበር። እያደር ደስ ማለቱ ራሱ አስጠላው።

የልጅቱ ሙት ዓመት ደረሰ። ሰውዬው በዋዜማው ዝክር አዘጋጅቶ ሰው ጠራ፤ ባለጋሪውን ግን አልጠራውም። ማን ይጠራዋል? ባለጋሪው ለብቻው ሲብሰለሰል ውሎ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸው እግሩ አረቄ ቤት አደረሰው። የለቅሶ መድኃኒት መስሎት ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት ቢመጣም ከደጁ ራቅ ብሎ ቆመ።

«እፍ በል» አለ ሰውዬው።

ባለጋሪው እፍ አላለም። ሰውዬው ተጠጋ። ቢተነፍስም ባይተነፍስም ሽታው ልብሱ ላይ ነበር። ሰውዬው ዱላውን ወደ ራሱ ሳበና፣ ሌላ ቃል ሳይተነፍስ ብቻውን ወደ ዳኛው ቤት ጉዞ ጀመረ። ልጄን ሁለት ጊዜ ገደላት እያለ፣ መሬቱን በዱላው እየደበደበ ይሄዳል።

ጥቂት እንደሄደ ከፊቱ «ድንጋይ አለ፤ ወደ ግራ ይበሉ» የሚል ድምፅ ሰማ። እንዳልሰማ አለፈ፤ ግን ወደ ግራ ዞረ። ትልቁ መንገድ ላይ ሲደርስ ባለጋሪው ሮጦ መሐል መንገድ ገብቶ፣ «ቁሙ!» እያለ ጋሪዎቹን ሲያስቆም፣ ነጂዎቹም ሲሰድቡት ሰማ። ልጅቱ የሞተችው እዚያ ነበር። ሰውዬው ከተሻገረ በኋላ ቆመ።

«የት እንደምሄድ ታውቃለህ?» አለው።

«አውቃለሁ፤ ዳኛው ዘንድ ነው» አለ ባለጋሪው። «በታችኛው መንገድ ቢሄዱ ይሻልዎታል። በላይኛው በኩል አዲስ ቦይ ቆፍረዋል።»

እስቲ አስቢው ልጄ። ዝም ቢል ሰውዬው ቦዩ ውስጥ ይወድቃል፤ ክሱም አብሮት ይወድቃል። ቢሸሽም የሚያየው የለም። ሰውዬው ይህን ሁሉ እዚያው ቆሞ አሰበ። ዱላውን አልሰጠውም፤ ለሰከረ ሰው ዱላ አይሰጥም። ግን ድምፁን ተከትሎ በታችኛው መንገድ ሄደ። የዳኛው ደጅ ሲደርሱ ባለጋሪው «ደረጃ አለ» ብሎ ራሱ ፈንጠር ብሎ ቆመ።

ዳኛው ሰውዬውን ብቻውን ሲያየው ገባው። ጠጣ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ጠጥቷል» አለ ሰውዬው። «ከቤቴ ስወጣ ልከሰው ነበር። ቦዩን አሳልፎ፣ ጋሪ አስቁሞ እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ወዴት እንደምሄድ እያወቀ። ከልጄ ወዲህ እንዲህ የጠበቀኝ ሰው የለም። አሁን የገባሁት ላመሰግንዎ ነው፤ ያን ቀን እኔን መጠየቅዎን ላመሰግን። ያኔ ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ እሱም ይህን ሰው ሳይሆን ይቀር ነበር፤ እኔም ስረግመው ነበር የምሞተው።»

ዳኛው የዋህ አልነበረም። ቃል ተጥሷልና ባለጋሪው ስካሩ እስኪለቀው ጣቢያ እንዲቆይ አዘዘ፤ ጠዋት ብቻ ሳይሆን ማታም ሰውዬው ደጅ መጥቶ እፍ እንዲል ጨመረበት። ሰውዬው ቅጣቱ ይነሣለት ብሎ አልለመነም። ይምጣ ብቻ አለ።

ባለጋሪው ከጣቢያ ወጥቶ ጠዋት ደጁ ቆመ። እፍ አለ። ዱላውን ያዘ። ያንን መንገድ እንደተሻገሩ ሰውዬው ዱላውን ሳብ አድርጎ አስቆመውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባለጋሪው መንገድ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሰውዬውም እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው። ገበያው አመለጣቸው። ሰውዬው ለልጁ ሞት አመሰገነ አልልሽም፤ ለዚያማ ማን ያመሰግናል? እሷ ከሄደች በኋላ ለተረፈለት ነገር ግን እስኪሞት ድረስ ሲያመሰግን ኖረ።

መምሬ ጽጌ ይህን ብለው ወደ ውብዓለም ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ባለጋሪው ያንቺ ሾፌር ነው። ዓይነ ስውሩ የሟች ቤተሰብ ነው። ደሙ ይጮህብኛል ወይ አልሽኝ። ይጮሃል፤ ብታስሪውም ይጮሃል። ሾፌሩ ምን አጠፋሁ የሚል፣ ነገም ጠጥቶ የሚነዳ ከሆነ እሰሪው፤ እኔም እመርቅሻለሁ። ጥፋቱ አንጀቱን የበላው ሰው ከሆነ ግን ወህኒ ለእሱ መደበቂያ ነው። የሟች ቤተሰብ ደጅ መቆም ከሰንሰለት ይከብዳል። መንጃ ፈቃዱን ቀሚው፤ ትንፋሹን ጠዋትና ማታ የሚጠይቅ ሰው መድቢበት፤ ቢጠጣ የሚገባበትንም የወህኒ በር አትዝጊው፣ እያየው ይኑር።»

ውብዓለም ግን፣ የሟች ቤተሰብ እምቢ ቢሉስ ብላ ጠየቀች።

«እምቢ ካሉ መብታቸው ነው፤ አንቺም አትቆጪያቸው» አሉ መምሬ። «ስለዚህ ፍርዱን ከመጻፍሽ በፊት አስጠሪያቸውና ከሟቹ ጋር ምን እንደጎደለባቸው ጠይቂያቸው። የምትፈርጂው አንቺ ነሽ ልጄ፤ ዱላውን የሚዘረጉለት ግን እነሱ ናቸው።»