ዳገት ላይ የቆመ ቃሬዛ

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ። ትሁኔ፣ ጥያቄሽን ረስቼ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልሽ። «ክሊን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጽሐፉ አንዱ ገጽ ላይ ቅጽል፣ ሌላው ገጽ ላይ ግስ ቢለው ግራ ገብቶሽ «መምህር፣ የትኛውን ልሸምድድ?» ብለሽኛል። መልሱ ይኸውልሽ።

ዳኛው ደግ ሰው ነበር፤ ግን ግትር። አንዴ የተናገረውን አይመልስም፤ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላል። በአንድ ቀብር ላይ የእድሩ ሰዎች የቃሬዛውን ፊት እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ ተባብለው ሲጓተቱ አስከሬኑን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ዳኛው በእፍረት ተቃጠለና ሕግ አወጣ። ሁለት ረጃጅም ወንድማማቾች የፊት ተሸካሚ፣ ሁለት አጫጭር ሰዎች የኋላ ተሸካሚ ተባሉ። ዳኛው ራሱ አይሸከምም፤ ከጎን እየሄደ ያዛል። ቦታውን የለቀቀ ሰው ከእድሩ ይሰረዛል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ማንንም አልከበደውም፤ ጭቅጭቁም ቀረ። ዳኛውም ሕጉን እንደ ልጁ ወደደው።

ክረምት ላይ የዳኛውን አንድያ ልጅ ምጥ ያዛት። ምጡ ጠናባት፤ ደም ይፈሳት ጀመር። አምቡላንስ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው ከሸለቆው ማዶ አፋፉ ላይ ቆሟል። ሰፈሩ ተጠራ፣ ቃሬዛው ወጣ፣ አራቱ ተሸካሚዎችም እንደ ሕጉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከአጫጭሮቹ አንዱ የልጅቱ ባል ነበር።

ቁልቁለቱን በደህና ወረዱት። ረጃጅሞቹ ከፊት ስለሆኑ ቃሬዛው ሳይዘም ሄደ። ዳኛው በልቡ «ሕግ ማለት ይሄ ነው» አለ። ጎርፉም ጎድሎ ስለነበር ወንዙን በእግር ተሻገሩ። ከዚያ ዳገቱ መጣ።

ከፊት ረጅም፣ ከኋላ አጭር፣ በዚያ ላይ ዳገት! ቃሬዛው እንደ መሰላል ቆመ። ልጅቱ የታሰረችበት ነጠላ እየላላ ወደ እግርጌ ትንሸራተት ጀመር፤ በተንሸራተተች ቁጥር ትጮኻለች። ጩኸቷ የአባትየውን አንጀት ይበላዋል፤ ግን «ጠበቅ አድርጉ! ቶሎ በሉ!» ከማለት ሌላ አልመጣለትም።

«አባባ፣ እንቀያየር» አለ ባልየው ከታች እያለከለከ። «እነሱ ወደ ኋላ ይምጡ፤ እኛ ከፊት እንያዝ።»

«አንተ የኋላ ተሸካሚ ነህ። ቦታህን ያዝ!»

«ልትወድቅብን እኮ ነው!»

«ሕጉን ዛሬ ለልጄ ብዬ ካፈረስኩት ነገ ማን ይሰማኛል?»

አዳላ እንዳይባል ፈርቶ ነው። ሰው ጽድቅ የሠራ እየመሰለው ልጁን ሊገድል ይችላል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወንድማማቾቹ እየሰሙ ቦታቸውን ሳይለቁ መውጣታቸውን ቀጠሉ፤ ከእድር መሰረዝን ማን ይደፍራል? ትንሽ እንደሄዱ ባልየውን ጭቃው አንሸራተተውና በጉልበቱ ወደቀ። ቃሬዛው ዘመመ። ልጅቱ የአባቷን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች።

«አባዬ» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «ያ ሕግ የሬሳ ነው። እኔ ገና አልሞትኩም።»

ዳኛው ፊቱ አመድ መሰለ። ጋቢውን እጇ ላይ ተወላትና «አውርዱ!» ብሎ ጮኸ። ረጃጅሞቹን ወደ ኋላ፣ የቀረውን አጭር ሰው ወደ ፊት አዞረ። የአማቹ ጉልበት ተልጦ ደም በደም ሆኖ ስለነበር በእሱ ፋንታ ራሱ ከፊት ገባ። በዕድሜው ሙሉ ከጎን ያዘዘ ሰው ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገብቶ ተነሣ። ቃሬዛው ተስተካከለ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ ነበር፤ አምቡላንሱም ሐኪም ቤት አደረሳት፤ እናትም ሕፃንም ተረፉ።

እንግዲህ ትሁኔ፣ እነዚያ ረጃጅም ወንድማማቾች የፊት ተሸካሚ ናቸው ወይስ የኋላ? መንገዱን ሳታዪ ልትመልሺልኝ አትችይም። የእንግሊዝኛ ቃላትም እንደዚሁ ናቸው። «ክሊን» ሸሚዙ ምን ዓይነት እንደሆነ ሲነግርሽ ቅጽል ነው፤ ሰው ቤቱን ማጽዳቱን ሲነግርሽ ግስ ነው። «ዎተር» ስትጠጪው ስም፣ ችግኝ ስታጠጪበት ግስ ይሆናል። ስምንቱን የቃል ክፍሎች ማወቅ ጥሩ ነው፤ የዳኛውም ሕግ ለሜዳው ጥሩ ነበር። ግን ቃሉን ለብቻው አቁመሽ «ማነህ?» አትበይው፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገብተሽ «እዚህ ምን ተሸክመሃል?» በይው። ሌሊቱን ሙሉ የሸመደድሻቸው ቃላት ሬሳ ናቸው፤ የትም ብታስተኚያቸው አይጮኹብሽም። ፈተና ላይ የሚመጡብሽ ግን በሕይወት ያሉት ናቸው።