ዳገቱን የማትወጣው መኪና

ስሟን ብጠራት ነዋሪዎቿ የሚቀየሙኝ አንዲት የቆየች ከተማ አለች። ገበያዋና ጤና ጣቢያዋ ከታች ሜዳው ላይ፣ ቤቶቿና ትልቁ መስጊዷ ከላይ ኮረብታው ላይ ናቸው። ቀደምቶቹ ሲቆረቁሯት መሐንዲስ አላማከሩም፤ ሰው ወደ አላህ ቤት ሲሄድ ትንሽ ይልፋ ብለው ሳይሆን አይቀርም። በዚህች ከተማ፣ ዳገቱ ሥር፣ በአንድ ትልቅ ዋርካ ጥላ ውስጥ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይጠግኑ ነበር።

ሐጂ ከመንገድ የመጣ መኪና ሳይበርድ አይነኩም። “ላቡ ይድረቅለት” ይሉና ለባለቤቱ ወንበር ያቀርቡለታል፤ የቸኮለ ሰው እሳቸው ዘንድ ቁጣውንም አብሮ አብርዶ ይመለሳል። ባትሪ እስከ አፉ ሲሞላም አይወዱም። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ከሆዳችን ሲሶውን ለትንፋሽ እንድንተው መክረውናል፤ ሐጂ ምክሩን ለባትሪም አዋሉት። “ሩቅ መንገድ ከሌለህ አትሙላው፤ ጨርሶም አታስርበው፤ ፀሐይ ላይ አታቁመው። ያረጀ ነገር የሚኖረው በልክ ሲያዝ ነው” ይላሉ። ነጂዎቹ “ሐጂ ባትሪውን ኪታብ ሊያስተምሩት ነው” እያሉ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ እንጂ የሐጂ አሮጌ መኪና እኩዮቿ ሁሉ ሲወድቁ እሷ ቆማ፣ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት በደረሰ ቁጥር ጉልበታቸው የዛለውን ሽማግሌ ይዛ ኮረብታውን ትወጣ ነበር።

ከነዚያ ከሚስቁት ነጂዎች አንዱ ሽፋው ነው። የሽፋው መኪና የሐጂ መኪና መንትያ ናት፤ በአንድ ዓመት ተሠርተው በአንድ ቀን ከተማዋ የገቡ ናቸው። አባቱ ይማም የሐጂ የልብ ወዳጅ ስለነበረ፣ ሊሞት ሲል እጃቸውን ይዞ “ልጄን አማና፣ አደራ” ብሏቸዋል።

ሽፋው ሰነፍ አልነበረም። እንዲያውም መኪናዋን የጎዳት ትጋቱ ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ይውልና ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከመግሪብ አዛን ጋር ቤቱ ይደርሳል። እሱ በተምርና በውሃ ቀስ ብሎ ፆሙን ይፈታል፤ መኪናዋን ግን ትኩሳቷ ሳይወጣ ቻርጅ ላይ ይሰካትና ለተራዊህ ሰጋጆች እንድትደርስ እስከ አፏ ይሞላታል። ሰጋጅ ማመላለስ ኸይር ሥራ ነውና ማንም አልገሠጸውም። ሐጂ ብቻ “አንተ በተምር እየፈታህ እሷን ለምን ታንቃታለህ?” ይሉት ነበር። ረመዳን በረመዳን ላይ ሲተካ ባትሪው ደከመ። ጠዋት ሜዳው ላይ ሙሉ ነኝ ትላለች፤ ዳገቱ መሀል ስትደርስ ተሳፋሪ እንደያዘች ቀጥ ትላለች። ሰው ምን ያድርግ? ሸሻት።

የሽፋው ሚስት ዘምዘም ወሯ ገብቶ ነበርና ሽፋው ጭንቅ ያዘው። አንድ ደላላ መላ ይዞለት መጣ። ከኮረብታው ማዶ ካለ መንደር የመጣች ሙሉቃ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት መኪና ትፈልጋለች። የመንደሯ ሴቶች ወተት በአህያ እየተጓዘ ፀሐይ ያበላሸባቸዋል።

“ሐጂ የባትሪ መለኪያ ጌጇን ብቻ ያስተካክሉልህ” አለው ደላላው። “ብትነዳም ሳትወርድ ሙሉ ነኝ ትበል፣ ሙሉ ትምሰል። ሴትየዋ ሜዳ ላይ አይታ ትወስዳታለች። ዳገቱ ከዚያ በኋላ የሷ ጣጣ ነው።”

ሽፋው አፍሮም፣ ቸግሮትም መኪናዋን ይዞ ዋርካው ሥር ሄደ። “አባባ ሐጂ፣ ዛሬ እንዳያሳፍሩኝ” ብሎ ጀመረና ሁሉንም ነገራቸው። ሐጂ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙት።

“ዘምዘም እንዴት ናት?” አሉ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ቀኗን እየጠበቀች ነው።”

“አላህ በሰላም ይገላግላት።” ይህን ብለው ወደ ጀመሩት ባትሪ ጎንበስ አሉ።

በዚህ መሀል ሙሉቃ ራሷ ደላላውን አስከትላ ከች አለች። ሰላምታ እንኳ ሳታስረዝም ወደ ሐጂ ዞረች። “እኔ የመኪና ነገር አላውቅም፤ እርስዎን ግን በዝና አውቃለሁ። እርስዎ ደህና ናት ካሉኝ እወስዳታለሁ። ይህች መኪና ደህና ናት?”

ሽፋው የሐጂን ዓይን ፈለገ። ይዋሹልኝም አላለም፤ ዝም ቢሉለት ይበቃው ነበር። “ባለቤቱን ጠይቂው” ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

“ልጄ” አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ “ዕቃ ሲሸጥ ዐይቡን፣ ጉድለቱን መንገር ይቀድማል። ይህች መኪና ዳገቱን አትወጣም።”

ሙሉቃ መርቃቸው ሄደች። ደላላውም እያጉረመረመ ተከተላት። ሽፋው ፊቱ ጠቁሮ እዚያው ቆሞ ቀረ።

“አባቴ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አይጨክኑብኝም ነበር” አለ። “እርስዎ ምን አለብዎት! ሐቁን ተናግረው ዐስርን ሊሰግዱ ይወጣሉ። እኔ ለዘምዘም ምን ይዤላት ልግባ?”

ሽማግሌው አልተቆጡም። “እውነትህን ነው” አሉት። “መኪናዋን ጥላው ሥር ተዋት፣ ትብረድ። ነገ ከዙህር በኋላ ና።”

ሽፋው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። በማግስቱ የሄደውም ሌላ የሚሄድበት ስላጣ ነው። ሲደርስ ሁለቱ መንትያ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ የሁለቱም ባትሪ ተከፍቶ አገኘ። ባትሪ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች አንድ ላይ ተሰልፈው የሚሠሩበት ነገር ነው። ከመሀላቸው የደከሙት ሌሎቹን ይጎትታሉ፤ አዲስ ቢያስገቡበትም ከአሮጌዎቹ ጋር አይስማማም። የሚስማማው እኩል ያረጀ፣ ግን በልክ የተያዘ ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ደግሞ በከተማዋ የነበረው በአንድ መኪና ውስጥ ብቻ ነው። ሐጂ “ቢስሚላህ” እያሉ ደህና ደህናዎቹን ከራሳቸው ወደ ሽፋው፣ የደከሙትን ከሽፋው ወደ ራሳቸው ያዛውሩ ነበር።

“አባባ ሐጂ፣ ምን እያደረጉ ነው? የርስዎ መኪናስ?”

“ሜዳ ለሜዳ ትበቃኛለች።”

“ዳገቱስ? ዐስርስ?”

“አባትህ በእግሩ አልነበር የሚወጣው?”

ሽፋው ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። “አውፍ ይበሉኝ” አለ።

“አውፍ ብያለሁ። ተነስና ይህን ያዝልኝ” አሉት።

ዘምዘም ጤና ጣቢያው ወርዳ በሰላም ተገላገለች። ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ስትመለስ መኪናዋ ዳገቱን አንዴም ሳትቆም ወጣች። ሽፋው ሙሉቃን ፈልጎ አገኛትና የጌጁን ነገር ሳይቀር አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ሴትየዋም “እኔ የፈለግኩት ወተቱ እንዲደርስ ነው፤ መሪ መጨበጥ አላማረኝም” አለችው። ያልገዛቻት መኪና ወተቷን ትጭን ጀመር። ሽፋውም መኪናዋን ሳያበርድ አይሰካትም፤ ነጂዎቹ አሁን በእሱ ይስቃሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ሽፋው አገኛቸው። ብዙ ጊዜ “ይግቡ” ሲላቸው “ተሳፋሪህን ያዝ” እያሉ ይመልሱት ነበር። ያን ቀን ባዶውን ነበርና እሺ ብለው ገቡ። ሽፋው ጥቂት ከነዳ በኋላ የከረመበትን ጥያቄ አወጣው።

“አባባ ሐጂ፣ እኔ የመጣሁት ሴት ላታልል ነበር። እምቢ ብለው ቢያባርሩኝ ሐቅዎ ነው። ጉልበትዎን ለምን ሰጡኝ?”

ሐጂ በመስኮቱ ወደ መስጊዱ እያዩ መለሱለት። “ሐቁን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዋጋውን አንተ ብቻህን ለምን ትከፍላለህ?”

እኛ እውነት መናገር እንወዳለን፤ በተለይ ዕዳው ጎረቤት ቤት የሚያርፈውን። ከሚንበር ላይ ሆነን፣ በሽምግልናም ተቀምጠን፣ እንዲህ ብዕር ጨብጠንም እንናገራለን። ከዚያ ኃላፊነታችንን ተወጣን ብለን ውዱእ አድርገን እንሄዳለን፤ የወደቀውን ሰው ዞር ብለን አናየውም። ሐጂ ሙዘይን ሙሉቃን በአንዲት ቃል ከጉዳት አዳኑ፤ ያቺ ቃል ሽፋውን ስትጥለው ደግሞ ተመልሰው አነሱት። አላህ ይዘንላቸው። ዛሬ እውነት ተናግረን ያስከፋነው ሰው ካለ፣ ወደ ሰላት ከመውጣታችን በፊት ያ ሰው ዳገቱን በምን እንደሚወጣ እንጠይቅለት።