የግራዝማች አድማሱ ከዘራ

በንዴት ዕቃ የሚወረውር ሽማግሌ ሲያዩ የእኛ አገር ሰዎች ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። ከሜዳ የተገኘች አይደለችም፤ ባለቤት አላት። ባለቤቷ ግራዝማች አድማሱ ናቸው፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ባለቤትነቱን ባይወዱትም።

ግራዝማች በጉልምስናቸው ቁጡ ነበሩ፤ እርጅና ሲመጣ እርጅናውንም ተቆጡት። ጆሯቸው ሲደክም፣ "ሰዉ አፉ ውስጥ ማውራት ጀመረ" አሉ። ጉልበታቸው ሲዝል ዳገቱን ወቀሱ። ቆሎ ቢጠነክርባቸው ሚስታቸው ወይዘሮ ትሁኔ፣ "አንቱ፣ ቆሎው እኮ የድሮው ነው፤ የሄደው ጥርስዎ ነው" ቢሏቸው፣ ሰንበት እስኪደርስ አኮረፉ።

እንዲያም ሆኖ ለሽምግልና ይፈለጉ ነበር። አንድ ዓመት ከወንዝ ማዶ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሞላልኝና ሽባባው፣ በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው ገጀራ እስከ መማዘዝ ደረሱ። እናታቸው አልቅሰው ግራዝማችን አስጠሩ። ግራዝማችም በበቅሏቸው ተቀምጠው፣ አብሮ አደጋቸውን አያ ቢያድግልኝን አስከትለው ወጡ። አያ ቢያድግልኝ በእግራቸው ናቸው። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ወገባቸው ጎብጧል፤ ሲያማርሩ ግን የሰማ የለም።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ተዋት፣ ውሃውን ትየው፤ ትገባለች" አሉ አያ ቢያድግልኝ።

"ደግሞ ለበቅሎ ደጅ ልጥና?"

ግራዝማች ወረዱና በከዘራቸው ጀርባዋን አቀመሷት። በቅሎዋ ፊቷን መልሳ ወደ ቤቷ ሄደች። አልሮጠችም እንኳ፤ ግራዝማችን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። የሚመቱት ሲያጡ አጠገባቸው የነበረውን ድንጋይ መቱት። ድንጋዩ እንደነበረ ቀረ፤ ከዘራው ለሁለት ተሰበረ።

አያ ቢያድግልኝ ጠጋ ብለው፣ "በል ክንዴን ያዝ" አሉ።

"እኔን ሰው ደግፎኝ አያውቅም!"

"እሺ" አሉና በምርኩዛቸው ውሃውን እየፈተሹ ቀስ ብለው ተሻገሩ።

ግራዝማች ተከተሉ። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም፤ ከሥር ያለው ድንጋይ ግን ሙልጭልጭ ነው። ትንሽ እንደሄዱ እግራቸው ከዳቸውና ውሃው ውስጥ ቁጭ አሉ። ሊነሱ ሞከሩ፤ እንደገና ቁጭ አሉ። ቀና ሲሉ ማዶ ላይ ወንድማማቾቹ፣ እናታቸውና የመንደሩ ሰው ሽማግሌ ሊቀበል ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። ከውሃው ይልቅ ያ ሁሉ ዓይን በረዳቸው። ሌላ መላ ግን አልነበረም፤ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ መጡ።

ሞላልኝና ሽባባው እኩል ዘለው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ከተጣሉ ወዲህ ቃል ያልተለዋወጡት ሰዎች፣

"አንተ በብብታቸው ያዝ!"

"ይዣለሁ፤ አንተ ወገባቸውን ቀና አድርግ!" ተባባሉ።

ቤት ገብተው፣ ግራዝማች ደረቅ ጋቢ ለብሰው እሳት ዳር እንደተቀመጡ እናቲቱ፣ "እንግዲህ ይምከሩልኝ" አሏቸው። ግራዝማች ስለ ቁጣ ክፋት ረዘም ያለ ንግግር አሰናድተው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ ምን እላለሁ? ያያችሁትን አይታችኋል" አሉ።

ማንም አልሳቀም። ሽባባው መሬት መሬት እያየ፣ "ድንበሩን ሽማግሌ ይለካልን" አለ። ሞላልኝም ቆይቶ፣ "ይለካ" አለ። አልተሳሳሙም፤ ገጀራውን ግን እናታቸው አንስተው ሲደብቁ ዝም ብለው አዩ።

እናቲቱ ሲመለሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አያ ቢያድግልኝን፣ "ግራዝማች ምን አግኝቷቸው ነው እንዲያ ሆነው የመጡት?" ብለው ጠየቁ። አያ ቢያድግልኝም እግራቸውን ወደ እሳቱ እያስጠጉ፣ "ምንም አላገኘው፤ ተቆጥቶ ከዘራውን የሰበረ፣ እየዳኸ ተሻገረ" አሉ።